ታሪኩ ሳያልቅ የሚሰጥ ሂስ

«ባቢሎን 5» የተባለው የአሜሪካ ሳይንሳዊ ልብወለድ ተከታታይ በቴሌቪዥን እየታየ ሳለ፣ ፈጣሪውና ዋና ጸሐፊው ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ አንድን ክፍል ለማቆየት ተገዶ ነበር። ያስቆመው የበጀት እጥረት ወይም የጣቢያው ጣልቃ ገብነት አልነበረም። ስትራዚንስኪ ዩዝኔት በተባለው የኮምፒውተር የውይይት መድረክ ከተመልካቾቹ ጋር ይጻጻፍ ነበር። በዚያው መድረክ አንድ ተመልካች፣ ትዝታው በፍርድ የተደመሰሰ ወንጀለኛ የቀድሞ ማንነቱን ቢደርስበት ምን ይውጠዋል የሚል ሐሳብ ጣል አደረገ። ሐሳቡ ጸሐፊው ሊሠራው ካሰበው ጋር ገጠመ። ክፍሉ ቢተላለፍ ነገ «ሐሳቤን ወሰደብኝ» የሚል ክስ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ተመልካቹ የይገባኛል ጥያቄ እንደሌለው በሕግ ፊት አረጋግጦ እስኪፈርም ድረስ ክፍሉ ቆየ፤ በ1995 መገባደጃም «በጌቴሴማኒ ማለፍ» በሚል ርእስ ታየ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ገጠመኝ ብዙ ጊዜ የሚወራው ለሕጋዊ ጉዳዩ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ክፍሉ ራሱ ነው። ወንድም ኤድዋርድ የተባለ መነኩሴ የእምነቱ እምብርት ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የጌቴሴማኒን ሌሊት ያነሣል፤ ክርስቶስ ሊይዙት እንደሚመጡ እያወቀ ከአትክልቱ ስፍራ አልሸሸም፣ እኔ ብሆን ኖሮ እቆም ነበር ወይ? በኋላ እሱ ራሱ ብዙ ነፍስ ያጠፋ፣ በሞት ፈንታ ማንነቱ እንዲደመሰስ የተፈረደበት ሰው መሆኑን ይደርስበታል። የሟች ዘመዶች ሊበቀሉት ሲመጡ አይሸሽም። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደህና ገድል ይሆን ነበር። ነገር ግን መነኩሴውን የገደለው ሰው በተራው ትዝታው ይደመሰስና የምንኩስና ልብስ ለብሶ፣ ወንድም ማልኮም ተብሎ ይመጣል። ገዳዩን በቁጣ ሲመለከት የነበረው የጠፈር ጣቢያው አዛዥ ሼሪዳን ያን እጅ መጨበጥ አለበት። ያ ተመልካች የታሪኩን መነሻ ቀድሞ አስቧል፤ የዚያን ጭበጣ ክብደት ግን ማንም በመገመት አያቀለውም። በሐሳብና በድርሰት መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው። የተከታታይ ድራማ አድናቂዎች ውይይት የሚጎድለውም ብዙ ጊዜ ይህን ርቀት ማየቱ ላይ ነው።

በየሳምንቱ አንድ ክፍል አይቶ መወያየት ከሌላው ሂስ የሚለይበት ነገር አለ። የአንድምታ መምህር «አንድም» እያለ ትርጓሜ ሲደረድር፣ የሚተረጉመው መጽሐፍ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ነቢዩ ተመልሶ መጥቶ አንቀጽ አይለውጥበትም። የተከታታዩ ተንታኝ ግን ከፊቱ ያለው ድርሰት ግማሹ ገና አልታየም፤ ደራሲውም በጆሮው እየሰማው ሊሆን ይችላል። ትርጓሜው ዛሬ ይጻፋል፣ ሐሙስ ወይም እሑድ ይፈተናል። አንድ ትርጓሜ የሚያምርበትና ነገ ልክ ሆኖ የሚገኝበት መንገድ ለየቅል ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ በአንድ ሚዛን መመዘን ይጀምራሉ።

የአድናቂዎችን ባህል ያጠኑ ምሁራን ይህን ችግር ቀለል አድርገው አልፈውታል ብዬ አምናለሁ። ሄንሪ ጄንኪንስ በ1992 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ፣ ከፈረንሳዊው ሚሼል ደ ሴርቶ የተዋሰውን ሐሳብ ይዞ፣ አድናቂው የቀረበለትን ዝም ብሎ የሚውጥ ሰው ሳይሆን ከሌላ ሰው ማሳ የሚፈልገውን እየለቀመ የራሱን ነገር የሚሠራ መሆኑን አሳየ። ለዘመኑ አስፈላጊ ክርክር ነበር፤ ያኔ አድናቂ ማለት መሳቂያ ማለት ነበርና። «ስታር ትሬክ» በ1968 እንዳይቋረጥ ደብዳቤ ያዘነቡትን ሰዎች እንደ ሕፃን ከማየት አውጥቶናል። ጄሰን ሚቴል ደግሞ «ሎስት»ን የመሰሉ ውስብስብ ተከታታዮች ተመልካቹን እንደ ወንጀል መርማሪ እያንዳንዷን ምስል እንዲበረብር እንደሚጋብዙት ጻፈ። ትክክል ነው። ቢሆንም መርማሪ የሚፈልገው ጥፋተኛውን ነው፤ ካገኘው በኋላ መዝገቡን ይዘጋል። ድርሰት ግን መዝገቡ ሲዘጋ አያልቅም።

«ዌስትዎርልድ» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በጆናታን ኖላንና በሊሳ ጆይ ተዘጋጅቶ በ2016 በኤችቢኦ የጀመረው ይህ ተከታታይ፣ ሀብታሞች ሰው መሰል ሮቦቶችን እንደ ፈቀዳቸው የሚያደርጉበት የመዝናኛ ስፍራ ታሪክ ነው። አንድ ልበ ለስላሳ ወጣት ጎብኚ፣ ዊልያም፣ አለ፤ ጥቁር የለበሰ አንድ ጨካኝ ሽማግሌም አለ። ተመልካቾች ምስሉን አቁመው ሲያዩ፣ ዊልያም በሚታይባቸው ትዕይንቶች የስፍራው ዓርማ ከሌላው የተለየ መሆኑን አስተዋሉ። ከዚህ ተነሥተው የዊልያም ታሪክ ከብዙ ዓመት በፊት የተፈጸመ እንደሆነ፣ ሽማግሌውም ያው ዊልያም እንደሆነ ደመደሙ። ተከታታዩ ይህን ያረጋገጠው ገና በአሥረኛው፣ በምዕራፉ የመጨረሻ ክፍል ነው።

የማስተዋሉ ትጋት የሚደነቅ ነው፤ እንዲህ የሚያነብ አንባቢ ቢገኝ የማይመኝ ደራሲ የለም። ግን በእነዚያ ሳምንታት ውይይቱ ወዴት እንደዞረ ልብ እንበል። ከዓርማው ጀርባ የተቀመጠው ትልቁ ጥያቄ፣ ደግ ሰው እንዴት ያለ መንገድ ሄዶ እንዲህ ያለ ጨካኝ ይሆናል የሚለው፣ በማስረጃ ክምር ሥር ተቀበረ። ጥፋቱ የአድናቂዎቹ ብቻ አይደለም። ታሪኩን እንደ እንቆቅልሽ ያቀረቡት አዘጋጆቹ ናቸው፤ እንቆቅልሽ የቀረበለት ሰው መልስ ቢፈልግ አይፈረድበትም። በ2018 ሁለተኛው ምዕራፍ ሊጀምር ሲል፣ አዘጋጆቹ በሬዲት ላይ «በቂ ድጋፍ ካገኘን ታሪኩን ሁሉ የሚገልጥ ቪዲዮ እንለቃለን» አሉ። ድጋፉም ተገኘ፤ ቪዲዮው ሲከፈት ግን ተዋናይት ኢቫን ሬቸል ዉድ የሪክ አስትሊን የታወቀ ዘፈን ስታዜም ታየች። ቀልዱ አስቆኛል፤ በደራሲና በተመልካች መካከል እልህ መኖሩን ግን አልሸሸገም። ሁለተኛው ምዕራፍ ጊዜን እየቆራረጠ እጅግ ተወሳሰበ። በእኔ እይታ ውስብስብነቱ ከታሪኩ ሳይሆን ከመገመት ፍርሃት የመጣ ነው። ተከታታዩ ከአራት ምዕራፍ በኋላ በ2022 ተቋረጠ፤ አዘጋጆቹ ያሰቡት አምስተኛ ምዕራፍ አልተሠራም።

መገመት በራሱ ድርሰትን አይገድልም። በአፕል ቲቪ የሚቀርበውን የዳን ኤሪክሰንን «ሰቨራንስ» እንይ። ሉመን የተባለ ድርጅት የሠራተኞቹን ትዝታ በቀዶ ጥገና ለሁለት ይከፍላል፤ መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ቤቱን አያውቅም፣ ቤት ያለውም ሥራውን አያውቅም። በ2025 ሁለተኛው ምዕራፍ ሲጀምር ሄሊ የተባለችው ሠራተኛ ወደ ባልደረቦቿ ትመለሳለች፤ ውጭ ምን አየሽ ስትባል፣ በሌሊት ስለሚሠራ አትክልተኛ አንድ ታሪክ ታወራለች። በማግስቱ ብዙ ተመልካቾች ይህች ሄሊ አይደለችም፣ የውጪዋ ማንነቷ፣ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ልጅ ሄሌና ናት አሉ። ልክ ነበሩ። በአራተኛው ክፍል፣ ሠራተኞቹ በበረዶ መካከል ሲጓዙ፣ ባልደረባዋ ኧርቪንግ ደርሶባት ጭንቅላቷን ወንዝ ውስጥ ይደፍቃል፤ እውነተኛዋ ሄሊ እንድትመለስ አለቃውን በግድ ያሳዝዛል።

ገምተው የጠበቁት ተመልካቾች ያን ክፍል አይተው ለምን ደነገጡ? ሌሊቱን ሌላው ባልደረባቸው ማርክ የሚወዳት ሄሊ መስላው ከሄሌና ጋር አድሯልና። የማንነቷ ምስጢር ወጣ፤ የወጣው ምስጢር ግን ሌላ በደል አስከትሎ መጣ። ማን ተበደለ? የተታለለው ማርክ ነው ወይስ አካሏ ሳታውቅ የተወሰደባት ሄሊ? አንድ ሰው ከራሱ ሊሰረቅ ይችላል? ከዚያ ሳምንት በኋላ የተካሄደው ክርክር ከመላምት ወጥቶ ወደ ፈቃድ፣ ወደ አካል ባለቤትነት፣ ወደ ሠራተኛና አሠሪ ግንኙነት ተሻገረ። አንዳንዱ አስተያየት፣ ያለ ማጋነን፣ ከጋዜጦቹ ሂስ ይሻል ነበር።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን ብዙም የሚገመት ነገር የሌለበት ተከታታይ ነው። የቶኒ ጊልሮይ የስታር ዋርስ ተከታታይ «አንዶር» ዋና ገጸ ባሕርይ መጨረሻው ሞት መሆኑን በ2016 የወጣውን «ሮግ ዋን» ፊልም ያየ ሁሉ ያውቃል። የጎርማን ፕላኔት ሕዝብ እንደሚጨፈጨፍም የስታር ዋርስ ተከታታዮች ቀድመው ነግረውናል። ስለዚህ በ2025 ሁለተኛው ምዕራፍ ሲታይ ተመልካቹ «ምን ይሆናል» ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነበር፤ የቀረለት «እንዴት» እና «ለምን» ነው። ባለሥልጣናት በአንድ ተራራ ላይ ቡናና ምግብ ቀርቦላቸው የአንድን ሕዝብ ጥፋት እንደ ቢሮ ሥራ ሲያቅዱ የሚታይበትን ትዕይንት ተመልካቾች ከ1942ቱ የናዚዎች የቫንዜ ስብሰባ ጋር አነጻጸሩት፤ ጊልሮይም ይህንኑ ታሪክ በአእምሮው ይዞ እንደነበር ተናግሯል። ሴናተር ሞን ሞትማ በምክር ቤት ቆማ ጭፍጨፋውን በስሙ ስትጠራው የተነሣው ውይይት ደግሞ እውነትን ማን ይሰይማል የሚል ነበር።

የአቀራረቡ ፍጥነትም ለውጥ ያመጣል። ኔትፍሊክስ አንድን ምዕራፍ በአንድ ቀን ሲለቅ ሁሉም በየራሱ ሰዓት ስለሚጨርስ ውይይቱ ሳይደምቅ ይበተናል። በየሳምንቱ ሲመጣ ግን ሰባት ቀን የማሰላሰያ ጊዜ ይገኛል፤ ጊዜው ለጥልቀትም ለግምትም እኩል ክፍት ነው።

በእኔ ሚዛን «ገምቼው ነበር» የሚለው አስተያየት ስለ ተመልካቹ ንቃት ይናገራል እንጂ ስለ ድርሰቱ የሚለው ነገር የለም፤ «መገመቴ ክፍሉን አበላሸብኝ» የሚለውም በአብዛኛው የድርሰቱን ድህነት ይመሰክራል። አንድ ክፍል ምስጢሩ ከታወቀ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ታይቶ ካልከበደ፣ ለመጀመሪያም ጊዜ ከባድ አልነበረም። «ዌስትዎርልድ» በዚህ ፈተና በግማሽ ወድቋል፤ «በጌቴሴማኒ ማለፍ» ከሠላሳ ዓመት በኋላም ያልፈዋል።