ወንበሩና ቃለ ጉባኤው፦ በዩኒቨርሲቲ አመራር ክርክር ላይ የቀረበ ሂስ

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ተማሪዎች ተቃውሟቸውን አሰምተው ግቢው በተናወጠ ቁጥር በመምህራን መካከል የሚነሣው ክርክር ከሞላ ጎደል አንድ ዐይነት ነው። ፕሬዚዳንቱ ይነሣ ወይስ ይቆይ? ቢነሣስ ተተኪውን ማን ይምረጥ? ይህ ጽሑፍ የጥያቄዎቹን ክብደት አይክድም፤ ሆኖም ክርክሩ የቆመበት ስፍራ የተሳሳተ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ መመርመር ያለበት የ1985 ዓ.ም. ሁኔታ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ በከተማዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ስለ ኤርትራ ሊካሄድ የታሰበውን ሕዝበ ውሳኔ በመቃወም ሰልፍ ወጡ። የጸጥታ ኀይሎች ተኮሱ፤ ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። በተከታዮቹ ወራት ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ዓለማየሁ ተፈራ ተነሥተው ዶክተር ዱሪ መሐመድ ተተኩ፤ እኚህም በደርግ ዘመን ያንኑ ዩኒቨርሲቲ መርተው የነበሩ ሰው ናቸው። በሚያዝያ ደግሞ 42 መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። ከእነርሱም መካከል የቀዶ ሕክምናው ሊቅና የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት መሪ ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር መሪ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ይገኙ ነበር። አንድ መምህር ለማስተማር ብቁ መሆን አለመሆኑን መመርመር የነበረበት የሙያ ባልደረቦቹ ሸንጎ ነበር፤ ውሳኔው ግን በዚያ መንገድ አላለፈም።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በመምህራን ዘንድ ሁለት አሳቦች ሲፋጩ ኖረዋል። አንደኛው ወገን፣ ፕሬዚዳንቱ በመምህራን ቢመረጥ ኖሮ ግቢው በተደፈረ ጊዜ ከመምህራኑ ጎን በቆመ ነበር ይላል። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ፣ በጀቱን የሚሰጠው መንግሥት ስለሆነ ሹመቱም የመንግሥት ነው፤ ምርጫ ቡድንተኝነትን ያስከትላል ይላል። የሁለቱም አባባል እውነትነት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሁለቱም ስለ ወንበሩ እንጂ በወንበሩ ዙሪያ ሊኖር ስለሚገባው ሥርዐት አይናገሩም።

ሹመቱ ከላይ መሆኑ ጸጥታን አላመጣም። በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የበላይ ኀላፊ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያምም የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ያገቡ ነበሩ። ከቤተ መንግሥት ጋር ከዚህ የቀረበ ትስስር ሊታሰብ አይችልም፤ የተማሪው እንቅስቃሴ ግን የተፋፋመው በእርሳቸው ዘመን ነው። ቀጥሎ የተሾሙት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን የነበሩ፣ ማለትም የእኛው ሙያ ሰው ነበሩ። በእርሳቸውም ጊዜ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ስድስት ኪሎ ግቢ ገብተው ተኮሱ። በ1962 ዓ.ም. መመለስ የነበረበት ጥያቄ ወንበሩ ላይ ማን ተቀመጠ የሚለው ብቻ አልነበረም። ወታደር በማን ፈቃድ ግቢ ይገባል? ከገባስ በኋላ ለማን መልስ ይሰጣል? የሚለው ነበር።

ይህን ጥያቄ በትክክለኛ ስፍራው ያስቀመጡት፣ ልብ ያለው ይህን ልብ ይበል፣ መምህራኑ ሳይሆኑ ተማሪዎቹ ናቸው። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ያቀረቡት ጥያቄ ፖሊስ ከግቢ እንዲወጣ፣ ማኅበራቸው እንዲቋቋምና ጋዜጣቸው እንዲታተም ነበር። ሦስቱም የሥርዐት ጥያቄዎች ናቸው። የተከተለውን ደም መፋሰስ አንባቢ ያስታውሳል። በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንቱ እሸቱ ወንጨቆ፣ በመምህራን ምዘና ጉዳይ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት በመቃወም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ክብር የሚገባው ድርጊት ነው፤ ይሁንና የአንድ ሰው ኅሊና የተቋም ሥርዐት አይሆንም፤ እርሳቸው ሲወጡ ጥያቄውም አብሯቸው ወጣ።

ለንጽጽር ያህል የበርክሌይን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1964 ተማሪዎች በግቢው ውስጥ የፖለቲካ ንግግር እንዲፈቀድ ጠይቀው ብዙዎቹ ከታሰሩ በኋላ፣ የመምህራኑ ሴኔት ዲሴምበር 8 ቀን ተሰብስቦ ዩኒቨርሲቲው የንግግርን ይዘት እንዳይገድብ በ824 ድምፅ ደገፈ፤ 115 ተቃወሙ። ይህ የመምህራንን ወንበር ሁሉ ይጠብቃል ማለት አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ ክላርክ ከር እ.ኤ.አ. በ1967 በአስተዳዳሪ ቦርዱ 14 ለ8 ድምፅ ተሰናብተዋል። ልዩነቱ ግን ማን ምን እንደ ወሰነ ተቈጥሮና ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። ከሥራ የተሰናበተውም ሆነ ያሰናበተው ከመዝገብ ፊት ቆሟል።

በእኛ አገር ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የፕሬዚዳንትነት ቦታ በማስታወቂያ ውድድር እንዲሞላ መደረጉ መልካም እርምጃ ነው። ተወዳዳሪው ዕቅዱን ይዞ በመምህራን ፊት መቅረቡ ቀላል ነገር አይደለም። ይህም ቢሆን የመግቢያ በር ነው። ከገባ በኋላ፣ ግቢው በተናወጠ ማግሥት፣ ሴኔቱን በስንት ቀን ውስጥ መጥራት እንዳለበትና ታጣቂ ስለመጠራቱ ምን ማስረዳት እንደሚገባው በውድድር መስፈርት አይወሰንም።

ነገሩ የትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ መስሎ የሚታያቸው አንባብያን ይኖራሉ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ትምህርት ቤቶች ሲወጡ፣ የስድስት ኪሎ ጉዳይ ወደ ጎጃም ደጋ ጭምር ወጥቷል። ዛሬም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ባሉባት ከተማ፣ ነገ ርእሰ መምህር የሚሆነው ሰው አመራርን የሚማረው ካየው ነው። እዚህ ላይ ራሴ ያየሁትን ልጨምር። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም በሠልጣኞች ቅሬታ ትምህርት ተቋረጠና የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተነጋገርን። ከአንጋፋዎቹ አንዱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በር ላይ የቆመውን ታጣቂ ማን እንደ ጠራው ደጋግመው ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ የተነበበው ቃለ ጉባኤ በሁለት መስመር፣ በወቅታዊ ሁኔታ ላይ ውይይት መደረጉንና መግባባት ላይ መደረሱን ይገልጽ ነበር። ጥያቄያቸው አልተጻፈም። እኛም ፈረምን፤ እኔም ፈርሜያለሁ።

ለትምህርት ቤት አመራር የምናዘጋጃቸው ሞጁሎች ዕቅድ ማውጣትን፣ ሱፐርቪዥንን፣ የሪፖርት አጻጻፍን በሰፊው ያስተምራሉ። ጉባኤ እንዴት እንደሚጠራ፣ የተለየ አሳብ ያለው መምህር አሳቡን በቃለ ጉባኤ ውስጥ ለማስመዝገብ ምን መብት እንዳለው፣ በችግር ጊዜ ኀላፊው ለባልደረቦቹ ምን ማስረዳት እንደሚገባው የሚገልጽ ምዕራፍ ግን የላቸውም። ይህን የሚመለከት የስድስት ክፍለ ጊዜ ረቂቅ አዘጋጅቼ ለግምገማ አቅርቤ ነበር። ረቂቁ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ፤ «ይህ የየትኛው ትምህርት ክፍል ነው?» የሚል።