ቪቴውን ተዉት፣ ዳዶውን እዩ

ጥያቄውን ያመጣችው የዳንግላ ልጅ ናት። ለልምምድ ከመጣች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። አንዲት ባለ አራት ወንበር ሴስና 172 ለዓመታዊ ምርመራ ገብታ፣ የክንፏንና የሆዷን ክዳኖች ፈትተን ጨርሰናል። ልጅቷ እኔ ቆርቆሮ ውስጥ የጣልኳቸውን ቪቴዎች አንድ በአንድ ለቅማ በመዳፏ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ደህና ናቸው። ደግሞ ቪቴው ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ እርስዎ ውስጥ ያለውን ዳዶም ሊያወጡ ቀይ ምልክት አድርገውበታል። ቪቴ አስገብቼ ሞከርኩት፣ በጣቴ ሰተት ብሎ ገባ። በጣት የሚገባ ዳዶ ምን አጠፋ?»

«በጣት ማስገባቱን ነዋ!» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን ከልቤ ነበር።

የሙያ ጓደኞቼ ክዳን እንዴት እንደሚፈታ ከእኔ አይማሩም፤ ስለዚህ መነሻውን እዘለዋለሁ። ስለ ስሙ ብቻ አንድ ነገር ልበል። ሃንጋር ውስጥ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ስክሩ፣ ነት ፕሌት፣ ስክሩድራይቨር። እኔ ወደ አውሮፕላን የመጣሁት ባሕር ዳር ከሚገኝ የመኪና ጋራዥ ስለሆነ አፌ እስከ ዛሬ ቪቴ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ ነው የሚለው። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችውን «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን ወደ አገራቸው ወስደው እነዚህን ቃላት ትተውልን ሄዱ። አውሮፕላኗን በጥር 2016 ዓ.ም. መልሰውልናል። ቃላቱን ግን እኛም አንመልስም፤ ያለ እነሱ ጋራዥ አይከፈትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ቪቴ አያልቅም አላልኩም። ያልቃል፤ ጭንቅላቱ ይበላል፣ መስቀሉ ይጎደጉዳል፣ ካቻቢቴ ይንሸራተትበታል። ነገር ግን የቪቴ በሽታ ፊት ላይ የሚወጣ በሽታ ነው። አብራሪውም ያየዋል፣ ባለቤቱም ያየዋል፤ ስለዚህ ይቀየራል። ዳዶው ከላሜራው ጀርባ በሁለት ትንንሽ ሪቬት ተይዞ ጨለማ ውስጥ ነው የሚኖረው። አፉ ሲሠራ ሆን ተብሎ ትንሽ ይጨመቃል፤ የገባበትን ቪቴ ነክሶ እንዲይዝ፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢያንቀጠቅጠውም እንዳይለቅ። ሥራው ያ ንክሻ ነው። ቪቴ በገባበትና በወጣበት ቁጥር ንክሻው ይላላል። በየዓመቱ፣ ለኪራይና ለማስተማሪያ የምትበር ከሆነ ደግሞ በየ100 ሰዓቱ ክዳኑ ይከፈታል። ይህ እየተደጋገመ ሄዶ አንድ ቀን ዳዶው ጥርስ ያለው ቀዳዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቪቴ ብታስገባበት ከውጭ አምሮ ይታያል እንጂ ክዳኑን የያዘው ነገር የለም።

ዳዶ ሲፈታ ይናገራል። ብዙ ሰው ሲጠብቅ ነው የሚያዳምጠው፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ሲጠብቅማ የቪቴው ጭንቅላት ላሜራውን ስለሚገፋ ሞቶ ያለ ዳዶ እንኳ ጠንካራ መስሎ ይታያል። ስትፈታው ግን ጭንቅላቱ ከላሜራው ይላቀቅና ቪቴና ዳዶ ብቻቸውን ይቀራሉ። እዚህ ጋ ነው እጅ መስማት ያለበት። ጤነኛ ዳዶ ቪቴውን እስከ መጨረሻው ጥርስ ድረስ እያጉረመረመ ነው የሚለቀው። ከክንፍ ስር የምናገኘው የተለመደው ቪቴ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በአንድ ኢንች 32 ጥርስ ያለው ነው። ያን ቀጭን ነገር በእጅ ካቻቢቴ ስታወጣው የዳዶው ቅሬታ በእንጨት እጀታው አልፎ መዳፍህ ድረስ ይመጣል። የመጀመሪያው ሩብ ዙር ጠንክሮ ከዚያ በኋላ ዝም ካለ፣ በጣትም ከወጣ፣ ያ ዳዶ አልቋል። እዚያው ቀይ ምልክት አደርግበታለሁ። ቪቴዎቹን ደግሞ በፓስታ ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስዬ፣ እያንዳንዱን በየቦታው እሰካለሁ። ርዝመታቸው ስለሚለያይ አንዱ የአንዱን ቦታ እንዳይወስድ ነው።

«ይሄ የሽማግሌ ወግ ነው» ይላል ወዳጄ። ከእኔ በዕድሜ ትንሽ ነው የሚያንሰው፤ ግን ባለ ባትሪ ካቻቢቴ ገዝቷል። እኔ ግማሽ ቀን የምፈታውን እሱ በሃያ ደቂቃ ፈትቶ ቡናውን እየጠጣ ይጠብቀኛል። በእጅ መፍታት አንጓ ይጎዳል የሚለው እውነት ነው፤ የእኔ ቀኝ እጅ ሐምሌ ሲገባ ከሬዲዮ ቀድሞ ክረምቱን ይነግረኛል። ግን ያ ማሽን ለሞተ ዳዶም ለጤነኛ ዳዶም አንድ ዓይነት «ዝዝዝ» ነው የሚለው። የፈታውን ሁሉ ጥሩ ነበር ይላል፤ ምክንያቱም ምንም አልሰማም። «ሲበቃው ራሱ ይቆማል፣ ልኬት አለው» ሲለኝ የበርሚንግሃሙን ነገር አነሳበታለሁ። መቶ ጊዜ አንስቼበታለሁ፤ ዛሬም አነሳዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990፣ በእኛ ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቢ.ኤ.ሲ. 1-11 አውሮፕላን ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ ተነሳች። 17,300 ጫማ ላይ ስትደርስ በካፒቴኑ በኩል ያለው የፊት መስታወት ተነቅሎ ሄደ። ካፒቴኑ ወገቡ ድረስ ወደ ውጭ ተሳበ። የበረራ አስተናጋጆች እግሩን ይዘው፣ ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን አሳረፋት፤ ካፒቴኑም ተረፈ። መስታወቱ ከበረራው 27 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ተቀይሮ ነበር። ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚገባቸው በ0.026 ኢንች የቀጠኑ ነበሩ። ይህ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የቀሩት ስድስቱ ውፍረታቸው ልክ ሆኖ አጠሩ። የቀየረው ሰው አሮጌውን ከአዲሱ ጋር በዓይን አስተያይቶ ነው የመረጠው። ሰው ሁሉ ይህን ነው የሚያወራው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላው ነው። ሰውየው የያዘው ካቻቢቴ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ የሚለቅ ነበር። የቀጠነው ብሎን በዳዶው ጥርስ ላይ ሲንሸራተት የሚሰጠው ስሜት ከዚያ «ቀጭ» ጋር ተመሳሰለበት። ዳዶው «አልያዝኩም» ሲለው «በቃኝ» ያለው መሰለው።

ወዳጄ መልስ አለው። «ያ የተሳሳተ ብሎን ነው፤ የእኔ ትክክለኛው ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ማሽኑን ግን ለክዳን መዝጊያ እኔ ዘንድ አያስገባም።

ሩብ ዙር የሚባሉትም ማሰሪያዎች ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ዊልያም ዙስ የሚባል ከዩክሬን አሜሪካ የገባ ሰው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስፋፋው «ዙስ» ዛሬም በሞተር ክዳን ላይ አለ። በካቻቢቴ ሩብ ዙር ትሰጠዋለህ፣ ከጀርባ ያለውን የሽቦ ሞላ ይይዛል፣ በቃ። አዲስ ሰው የወንዱን ጭንቅላት ያያል። ሽቦው ግን በዓመታት መፈግፈግ ተሞርዶ እንደ ክር ቀጥኗል። ይህን በደንብ የተማርኩት አዋሽ ሸለቆ፣ የጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት ረጪ አውሮፕላኖችን በጠገንኩበት ወቅት ነው። አግ-ካትን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ «እሸት» ብሎ የገጣጠማት እሷን ነው። መድኃኒቱ የብረት አጥንቷን እንዳይበላ የጎኗ ክዳኖች ተነስተው ውስጧ እንዲታጠብ ተደርጋ ነው የተሠራችው። አሳቡ ግሩም ነው። ግን ሌላ አውሮፕላን በዓመት አንዴ የሚከፈትለትን ክዳን እኛ በወቅቱ ሌት ተቀን ስንከፍትና ስንዘጋ ነበር፤ አቧራውና መድኃኒቱ ተቀላቅለው እንደ ሞረድ ይሠራሉ። የሌላ አገር መካኒክ በአሥር ዓመት የሚያየውን እርጅና እኔ በአንድ የጥጥ ወቅት አየሁት።

ከዚያ በፊት ግን እኔም አጥፍቻለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ የግል ድርጅት ስሠራ፣ ከክንፍ ስር ያለች የእጅ መዳፍ የምታክል ክብ ክዳን ቪቴዎቿ ዝገው ነበርና ሁሉንም በአዲስ ቀየርኳቸው። ጀርባቸው ያሉት የቆርቆሮ መንከሻዎች ተከፍተው እንደነበር ጣቴ ነግሮኛል። ቪቴዎቹ ትንሽ ሲላሉብኝ «ጠብቀዋል» ብዬ ፈረምኩ። አውሮፕላኗ ከሁለተኛው በረራዋ ስትመለስ ክንፏ ስር ጥቁር ቀዳዳ ነበረ። ክዳኗ የት እንደወደቀች አልታወቀም። ማንም አልተጎዳም፤ አብራሪው እንኳ ያወቀው ወርዶ ሲዞራት ነው። አለቃዬም ብዙ አልተናገረኝም። እኔ ግን በዚያ ምሽት ትዝ ያለኝ አለቃዬ ሳይሆን አባቴ ነው።

የተወለድኩት አገው ምድር፣ ጥርባ ነው። በእኛ አገር ፈረስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ለማስረዳት ጊዜው አይበቃኝም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ጥር 23 ቀን እንጅባራ የመጣ ሰው ሜዳውን አይቶ ይረዳል። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ለዚያ ቀን ብዬ፣ ያጠራቀምኳትን ሳንቲም ይዤ ዳንግላ ገበያ ሄድኩና ለታላቅ ወንድሜ ኮርቻ የነሐስ ዘለበት ገዛሁ። አሮጌው ዘለበት ዝጎ ያሳፍር ነበር። አባቴ አዲሱን ዘለበት አላየውም። ከፈረሱ ሆድ ስር የሚያልፈውን ጠፍር አንስቶ ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። በአገውኛ «ዘለበቱን ማን ጠየቀህ?» አለኝ። ቀዳዳዎቹ በዓመታት መሳብ እንደ ዓይን ረዝመው ነበር። «ጠፍሩ ሳይቀየር አትቀመጥበትም» አለው ወንድሜን። ወንድሜ ግን ወጣት ነው፣ ዘለበቱ ያበራል፣ ልጃገረዶቹ ቆመዋል። ሜዳው መሀል ላይ የዘለበቱ እሾህ ጠፍሩን ቀዶት ወጣ፤ ኮርቻው ዞረ፤ ወንድሜ ከነኮርቻው የፈረሱ ሆድ ስር ገባ። ትከሻውን ወጌሻ አሸው። ዘለበቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም።

እንግዲህ አባቴ አውሮፕላን በቅርብ አይቶ አያውቅም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከማንም መመሪያ ይልቅ ያ አውራ ጣት ጠቅሞኛል። ክዳን በከፈትኩ ቁጥር፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ እጄ ጀርባውን ሲዳስስ የምሰማው እሱን ነው። አንዳንዴ ሙያዬ ይህች እንኳን ብትሆን ይበቃኛል እላለሁ፤ ሰውን መሬት ላይ ሳለ ከኮርቻ ማውረድ።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ሥራውን ሰጠኋት። ያለቀ ዳዶ ሲወጣ ያለውን ጣጣ ባልደረቦቼ ያውቁታል። የሪቬቱን ጭንቅላት ብቻ ነው በትራፓኖ የምትበላው፤ ላሜራውን ከነካህ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ያኔ ዳዶ ልትቀይር ገብተህ ክንፍ ስትጠግን ትውላለህ። ቀሪው አካል በቀስታ ተመትቶ ይወጣል፤ ተሰብሮ የወደቀው ቁራጭም ተፈልጎ መገኘት አለበት፤ በክንፍ ውስጥ የመሪ ገመዶች ያልፋሉና። ሁለቱ የመጨረሻ ዳዶዎች ያሉበት ጥግ የእኔ እጅ አይገባም። ድሮ በመስታወትና በታጠፈ ሽቦ ስታገል አመሽ ነበር። የእሷ እጅ እስከ ክርኗ ገባ። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሠራው፤ ማንም ሳይነግራት። አዲሱን ዳዶ ሰፍታ ቪቴውን በእጅ ካቻቢቴ ስታስገባ ቆም አለች። «ይነክሳል» አለች።

አይዝጌ ቪቴ እናድርግበት ወይስ በካድሚየም የተለበጠውን? የሚለው ክርክር ሌላ ጊዜ ይቆየን። አይዝጌው ራሱ ባይዝግም የተቀመጠበትን አሉሚኒየም ሊያስበላው ይችላል። የአምራቹ መጽሐፍ ያለውን ማድረግ ነው፤ ከዚያ በላይ የምጨቃጨቅበት ጉዳይ አይደለም።

የምጨቃጨቀው ከባለቤቶች ጋር ነው። አውሮፕላን ያላችሁ ጥቂቶች ሆይ፣ ሂሳቡ ላይ «ቪቴ» ሲጻፍ ዝም ትላላችሁ፤ «14 ዳዶ፣ የሁለት ቀን ሥራ» ሲጻፍ ግን ስልክ ታነሳላችሁ። ቪቴው ስለሚታይ የተሠራ ይመስላችኋል። እኔ ያወጣሁትን ዳዶ አልጥልም። በፌስታል ቋጥሬ ከመዝገቡ ጋር አስቀምጨዋለሁ። ኑና አዲስ ቪቴ አስገብታችሁ በጣታችሁ አዙሩት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሂሳቡ እንነጋገራለን።