መርጡለ ማርያም፦ የማን ፍርስራሽ?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር የሚገኘው የመርጡለ ማርያም አሮጌ ግንብ በውጭ ጸሐፍት ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው «የፖርቱጋሎች ሥራ» እየተባለ ነው። ስያሜው አጭር ነው፤ ለመጽሐፍም፣ ለጉብኝት መመሪያም ይመቻል። ይሁንና የሕንጻውን ታሪክ ከሁለቱም ጫፍ ይቆርጠዋል።

ቤተ ክርስቲያኑን በዚያ ስፍራ ያሳነጹት እቴጌ እሌኒ ናቸው። ከሐድያ ወደ ቤተ መንግሥት የመጡት፣ ልብነ ድንግል ለአካለ መጠን እስኪደርስም በእንደራሴነት ያስተዳደሩት እኒህ ንግሥት በ1520ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከማረፋቸው በፊት ሥራውን አከናውነዋል። በ1520 ወደ አገሪቱ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ንግሥቲቱ በጎጃም ስላሠሩት ቤተ ክርስቲያንና በወርቅ ስለ ተሠራው መንበር የሰማውን ጽፎ አልፏል። የደብሩ ትውፊት ደግሞ ከእሌኒም ርቆ እስከ አብርሃና አጽብሐ፣ ከዚያም እስከ ኦሪት መሥዋዕት ዘመን ይሄዳል። ትውፊቱን የታሪክ ማስረጃ አድርጎ መቀበል የማያስፈልገው ሰው እንኳ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል፤ ምእመናኑ ቦታውን የሚያስታውሱት በሕንጻው ዕድሜ ሳይሆን በአምልኮው ዕድሜ ነው። «መርጡል» በግእዝ ድንኳን፣ ማደሪያ ማለት ነው። ድንኳን ይነቀላል፣ ይተከላል፤ ማደሪያነቱ ግን አይቀርም።

የእሌኒ ቤተ ክርስቲያን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ፈረሰ። በሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ፣ ጀስዊቶች መልሰው ገነቡት፤ ሥራውን ከመሩት አንዱ ብሩኖ ብሩኒ ግን ጣልያናዊ እንጂ ፖርቱጋላዊ አልነበረም። የዚያ ዘመን ግንባታ ከሕንድ፣ ከጎዋ በኩል የመጣ ጥበብም አለበት። ድንጋዩን የፈለጠው፣ ያጓጓዘውና የካበው ጉልበት ያገሬው ሰው እንደነበረ ለመናገር ሰነድ መፈለግ አያሻም። ዛሬ በግንቡ ላይ የሚታዩት የአበባና የሐረግ ቅርጾች የአንድ አገር ፊርማ የላቸውም። ይህ ቅይጥነት የሕንጻው ዋና ውበት ሆኖ ሳለ፣ «የፖርቱጋል» የሚለው ቃል ቅይጡን ሁሉ ባንድ ባንዲራ ይሸፍነዋል።

በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የተዘዋወረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለ ፍርስራሹ የጻፈው መግለጫ በ1847 ታትሟል። ዋጋው ትልቅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወደቀው ድንጋይ የሚመረመርበት መነሻ ነውና። በ2017 የታተመው የስፔናውያኑ አጥኚዎች መጽሐፍ ደግሞ በአዛዞ ቆፍሮ፣ ሌሎች ስፍራዎችንም ለክቶና በንድፍ አስፍሮ ለመስኩ የማይናቅ መሠረት ጥሏል። ሆኖም የርእሱ ወሰን ከ1557 እስከ 1632፣ የጀስዊቶች ቆይታ ዘመን ነው። አጥኚዎቹ ስለ ጀስዊቶች ሊጽፉ ተነሥተው ስለ ጀስዊቶች በመጻፋቸው አይወቀሱም። የሚወቀሰው ያንን ወሰን የሕንጻውም የዕድሜ ልክ አድርጎ የሚያነብ አንባቢ ነው። ጀስዊቶቹ ከተባረሩ በኋላ ግንቡ አራት መቶ ዓመት ያህል ቆሟል፤ ይህን ሁሉ ዘመን ታቦቱን ያገለገሉት፣ ዛሬም ከፍርስራሹ አጠገብ በቆመው ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሱት የደብሩ ካህናት ናቸው። እነርሱን የማያነሣ ታሪክ ፍርስራሹን ባለቤት የሌለው ያደርገዋል።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስን በባለቤትነት የያዘ ሰው በራሱ ወጪ እንዲንከባከበው ግዴታ ጥሏል፤ ጥገናም ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዳይካሄድ ከልክሏል። ክብሩ ለባዕድ ተሰጥቶ ሸክሙ ለደብሩ የሚቀርበት አሠራር ግን ብዙ አያስኬድም። ግንቡ የውጭ ሰው ነው ሲባል ያደገ የመንደሩ ወጣት ከወዳደቀው ጥርብ አንዱን ለአጥር ቢወስድ ምን ብሎ ይመለሳል? የእቴጌ እሌኒ መቅደስ ነው ብሎ ያደገው ግን ድንጋዩን ለመንካትም ይፈራል። ለብዙ የገጠር ፍርስራሾች ከየትኛውም ዘበኛ ይልቅ ይህ ፍርሃት ጠባቂ ሆኖ ኖሯል።

ፍርሃቱ ከሰው እጅ እንጂ ከዝናብ አያድንም። በተለይ የቅን ልብ ጥገና ያስፈራል፦ በኖራ የተካበ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ድንጋዩ ከሲሚንቶው ይልቅ ለስላሳ ስለሆነም ቀድሞ የሚፈረፈረው እርሱ ነው። ከ2023 ጀምሮ የአማራን ክልል ያናወጠው ግጭት ደግሞ የባለሙያን ጉዞ አዳጋች አድርጎታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በቦታው የሚገኘው የደብሩ ገበዝ ነው። ክረምት ሳይገባና ከወጣ በኋላ ግንቡን ዞሮ ማየት፣ የወደቀውን ጥርብ ከየትኛው ወገን እንደወደቀ መዝግቦ እዚያው ማስቀመጥ፣ ሥር የሰደደ ዛፍን በግድ ከመንቀል ይልቅ ከግንዱ መቁረጥ፣ ሲሚንቶ ይዞ የሚመጣውን ለጋሽ በትሕትና መመለስ፤ ይህን ለማስረዳት ጥቂት ገጽ ያላት የአማርኛ መመሪያ ትበቃለች።