ከፍትፍቱ ፊቱ... ከፒዛውስ?

ሂስ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መጽሐፍ፣ ቲያትር፣ ሙዚቃና ሥዕል ነው። ምግብ ሲሆን ግን «ጣፈጠ» ወይም «አልጣፈጠም» ብለን፣ ሒሳባችንን ከፍለን፣ አፋችንን ጠርገን እንወጣለን። ቤታችን ስንደርስ እናማለን። ባለ ምግብ ቤቱ ሐሜታችንን አይሰማም፤ እኛም በሌላ ቀን እዚያው እንመለሳለን። ይህ ልማድ ሠሪውንም በላተኛውንም የጠቀመ አይመስለኝም። ምግብም እንደ ድርሰት ባለቤት አለው፤ የታሰበበት አለ፣ ያልታሰበበትም አለ፤ ጥሬውን ለአደባባይ የሚበቃም ሞልቷል። ስለዚህ አንባቢ ይፍቀድልኝና የዛሬው ሂሴ በአንድ ፒዛ ላይ ነው። የተጋገረው መርካቶ ውስጥ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ ያንን ቤት ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሳሁም ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ አብሮ አደግ ወዳጅ አለኝ። እሱ ሙስሊም ነው፤ እኔ ደግሞ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ። ያደግነው አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በተጎራበቱበት ሰፈር ነው። በልጅነታችን ያልተካፈልነው ነገር የለም፤ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ አምባሻ፣ አንዳንዴም ዱላ! ሥጋ ግን ተካፍለን አናውቅም። በአገራችን ክርስቲያን ባርኮ ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን እንዲሁ። በዚህ የሚቀየም ሰው ግን አላየሁም። የሥጋ ቤቶቹ በር ላይ አንዱ መስቀል፣ አንዱ ጨረቃ ይሥላል፤ ሁሉም ወደየበሩ ይገባል። ለፋሲካ ወዳጄ እኛ ቤት ሲመጣ እናቴ ለእሱ የምትሠራውን ዶሮ የሚያርዱት የገዛ አባቱ ነበሩ፤ ድስቱም ለብቻው ነበር። መከባበር ማለት ለእኛ ሁለት ድስት መጣድ ነበር።

በጎልማሳነታችን ፒዛ የሚባል ነገር መጣልን። ሥጋ የሌለበት ፒዛ ከተገኘ እኔና እሱ ከአንድ ገበታ በእጃችን መብላት እንችላለን። እንደ መሶብ ክብ ነው፤ ተቆርሶ ይበላል፤ ቢላዋና ሹካ የግድ አይሉም። ስለዚህ ፒዛን ሰዎች ለዘመናዊነቱ ሲወዱት እኛ ለአሮጌ ምክንያት ወደድነው።

ባለፈው ወር በአንድ ዓርብ ቀን ተቀጣጠርን። እሱ የጁምዓ ሶላቱን ሰግዶ፣ እኔም ጾሜን እስከ 9 ሰዓት ጠብቄ፣ የድሮ ሱቆች ፈርሰው በቆሙት መስተዋት ለበስ ፎቆች በአንዱ ወደሚገኝ ፒዛ ቤት ወጣን። ግድግዳው ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተሰቅሏል። ንጉሦቹ ተቀመጥን። ሃያ ደቂቃ ያህል የሚያየን ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ ሙዚቃውም ከቴሌቪዥኑ ጋር ይፎካከራል። በመጨረሻ አንዲት ልጅ እግር አስተናጋጅ ፈገግ ብላ መጣች። የምግብ ዝርዝሩ ሥዕል በሥዕል ነው፤ የፒዛው ዓይነት ብዛት የክፍለ ጦር ስም ዝርዝር ይመስላል። አንድ ትልቅ የጾም ፒዛ አዘዝን። «ሥጋም ቅቤም አይብም እንዳይነካው» አልኳት። «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። የኔፕልስ ጋጋሪዎች ሙቀቱ ከ400 ዲግሪ በሚበልጥ የእንጨት ምድጃ ፒዛቸውን አንድ ደቂቃ ተኩል ባልሞላ ጊዜ አብስለው እንደሚያወጡት ልብ ይሏል። የሙያቸው ጥበብም በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኛ በጠበቅንበት ጊዜ እነሱ ሠላሳ ሰው ባበሉ ነበር።

መጠበቅ ያናግራልና ወዳጄን በታሪክ አሰለቸሁት። ዝርዝሩ ላይ «ማርጋሪታ» የተባለችው ፒዛ የንግሥት ስም ነው። በ1881 ዓ.ም. ንግሥት ማርጋሪታ ኔፕልስን ስትጎበኝ ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ የተባለ ጋጋሪ በቲማቲም፣ በሞዛሬላ አይብና በባዚሊኮ ቅጠል የአገሯን ባንዲራ ቀለም ያለው ፒዛ ሠርቶ በስሟ ጠራው ይባላል። የታሪክ ሰዎች ትረካውን ይጠራጠሩታል። ንግሥቲቱ ግን እውነተኛ ናት፤ የንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ ሚስት ናት። በዚያው በ1881 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ውጫሌ ላይ ከምኒልክ ጋር ውል የተፈራረመው የባሏ መንግሥት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል የተመታውም የባሏ ጦር ነው። «እንግዲህ የጠላታችንን ሚስት ስም እየጠራን ነው የምንበላው» አለ ወዳጄ፤ ሳቅን።

የተቀመጥንበት ሰፈርም ስሙ ከዚያው አገር የመጣ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ከተማዋን በዘር ለመክፈል አቀደ፤ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ገፋውና «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ፣ አለው። ፒያሳን ለነጭ፣ መርካቶን ለጥቁር ማለቱ ነበር። እኛ ግን ቃሉን ወስደን የራሳችን አደረግነው። ፉርኖ፣ ስጎ፣ ፓስታ፣ ጎሚስታ... ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ወራሪው ሄደ፤ ቃሉና ምድጃው ቀረ። ስለዚህ መርካቶ ውስጥ ፒዛ መብላት ያፈረንጀን አይመስለኝም። መርካቶ የማንንም ዕቃ ተቀብሎ የራሱ ያደርጋል።

ፒዛው መጣ። ሐቀኛ ተቺ ከሊጡ ይጀምራል። ጠርዙ ደርቋል፤ መሐሉ ግን አልበሰለም፤ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። ሊጡ ጊዜ አላገኘም፤ እርሾው ራሱ ይሸታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ የተነፋ ሁሉ ግን የቦካ አይደለም። ይህን ለእኛ ሕዝብ ማስተማር አያስፈልግም ነበር። እናቶቻችን ለእንጀራ ሁለትና ሦስት ቀን ያቦካሉ፤ እርሾ ያስቀምጣሉ፤ አብሲት ይጥላሉ። ይህ ሁሉ ዕውቀት ባለበት አገር አንድ የስንዴ ሊጥ ለጥቂት ሰዓታት ማረፍ ተከለከለ!

ቀጥሎ ያለው ስሕተት የሐሳብ ነው። በየፒዛ ቤቱ «የጾም ፒዛ» ማለት አይብ የተቀነሰለት፣ የጎደለ ፒዛ ተደርጎ ይሠራል። ጉድለቱን ለመሸፈንም ጥሬ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ካሮት ይቆለልበታል፤ ዘይት ይፈስበታል። ሆኖም ኔፕልስ ውስጥ ከጥንታውያኑ አንዱ የሆነው «ማሪናራ» የተባለ ፒዛ አይብ የለውም። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ ድሮም ጾመኛ ነበር ማለት ነው። የጋጋሪ ችሎታ የሚለካውም በእሱ ነው፤ ሊጡ ቢበላሽ የሚሸፍነው የለምና። ከዓመቱ ግማሽ ገደማውን ለሚጾም ሕዝብ የሚጋግር ሰው የጾሙን ፒዛ ዋና ሥራው ማድረግ ሲገባው ትርፍ ሥራው አደረገው።

ይሁንና እስከዚህ ድረስ ያለው የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ለጣዕም ብቻ ሰው መጽሔት ላይ አይጽፍም። ወዳጄ እንደ ልማዱ ቆርሶ ሊያጎርሰኝ እጁን ዘረጋ። አፌ ጋ ሲደርስ እጁን መለሰ። ቁራሹን ገልጦ አየው፤ ከቃሪያው ሥር ቀይ ስጎ፣ በስጎው ውስጥም የተፈጨ ሥጋ አለ። ወጥ ቤቱ ለሁሉም ፒዛ ከአንድ ድስት እየጨለፈ ነበር። «አንተ ጾመኛ ነህ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የማን እርድ እንደሆነ በማያውቀው ሥጋ እሱም መነካቱን ያስታወሰው ከዚያ በኋላ ነው።

አስተናጋጇን ጠራናት። አየችው፤ ደነገጠች። «ትንሽ እኮ ነው፣ ከላዩ ማንሳት ይቻላል» አለች። ስጎ ከሊጥ ላይ እንዴት እንደሚነሳ እሷም አታውቅም። ኃላፊውን እንድትጠራ ስጠይቃት ዞር ብላ ወደ ባንኮው አየችና፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ ከተመለሰ ከእኔ ላይ ነው የሚቆረጠው» አለችኝ። እኔ ልጮኽ ተነስቼ ነበር። ወዳጄ ቀደመኝ። «ሒሳቡን አምጪ የኔ ልጅ» አላት። ያልበላነውን ከፍለን፣ ጉርሻዋንም ጨምረን ወረድን።

ደረጃው ላይ ተከራከርን። እሱ «ጥፋቱ የእሷ አይደለም» ይላል። እኔም አላልኩም። ነገር ግን ከፍለን ስንወጣ ባለቤቱ ምን ተማረ? ለእሱ ያ ገበታ የተሸጠ ፒዛ ነው። እንዲያውም የሚመለስ ፒዛ ስለሌለው ጥሩ እየሠራ ይመስለዋል። የጥፋትን ዋጋ ደሞዟ ከሁሉ ባነሰው ልጅ ላይ የሚጥል ቤት፣ ጥፋቱን የሚያይበትን ዓይን በገዛ እጁ አጥፍቷል።

አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን የተነገረው ፍትፍቱንም ፊቱንም የምታቀርበው አንዲት ባለቤት በነበረችበት ቤት ነው። ጨው ቢበዛ ይቅርታ የምትጠይቀውም የምታስተካክለውም እሷው ናት። በዛሬው ምግብ ቤት ፍትፍቱ የአንዱ፣ ፊቱ የሌላዋ፣ ትርፉ ደግሞ የሦስተኛው ነው። የዚያች ልጅ ፊት ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ትእዛዛችን ከእሷ ጆሮ ወደ ወጥ ቤቱ የሚደርስበት መንገድና ሁለተኛ የስጎ ድስት ነው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ለማሠራት ከወጣው ገንዘብ አንድ ድስት ይገዛ ነበር። እናቴ የገባት ነገር እዚያ ፎቅ ላይ አልደረሰም።

ይህን የምለው መርካቶ መስተንግዶ አያውቅም ለማለት አይደለም። የሚያናድደኝም ማወቁ ነው። የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ «ለምን ፈለግሽው? ለመጋረጃ ነው ለፍራሽ?» ሳይል ጣቃ አይዘረጋም። ጠይቆ ይሸጣል፤ ነገም ደንበኛው እንድትሆን ይፈልጋልና። ከሥሩ ያለው ሱቅ ሁሉ የሚያውቀውን ሙያ ነው ፒዛ ቤቱ ደረጃ ሲወጣ የረሳው።

ርቦን ስለነበር ወዳጄ ወደሚያውቀው ፉል ቤት ወሰደኝ። አግዳሚ ወንበር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ጠረጴዛ። ባለቤቱ ገና ሳንቀመጥ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየና «ዓርብ ነው፤ በዘይት ይሁን?» አለ። ወዳጄ «በዘይት፣ በአንድ ሳህን» አለው። ትኩስ ዳቦ መጣ፤ ያቋረጥነውን ጉርሻም እዚያ ጨረስነው።

ፉሉ ጨው በዝቶበት ነበር። ለባለቤቱ ነገርኩት። በዳቦ ጠቅ አድርጎ ቀመሰና «እውነትህን ነው» ብሎ ሳህኑን አንስቶ ሄደ። ሌላ ፉል ጨምሮበት፣ ቲማቲም ከትፎበት መለሰው።