ጣት የሚያስታውሰው ፍጥነት

በሰፈሬ በሳቢያን ኮምፒውተር ለሚጠግን ሰው ከፎርማትና ከፕሪንተር ቀጥሎ የሚቀርብለት ጥያቄ «ያ የዱሮው ጌም በዚህ ላፕቶፕ ይሠራል?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ዛሬ ልጆች ወልደዋል። በልጅነታቸው ጌም ቤት ተራ ጠብቀው፣ በሰዓት ከፍለው፣ ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያን፣ ሮድ ራሽን፣ ቫይስ ሲቲን ተጫውተዋል። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ፍላሽ በኪሳቸው ይዘው ብቅ ይላሉ።

ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጨዋታው ከተከፈተ ጨርሰናል ይላሉ። ለእኔ ግን መከፈቱ ጅማሬ ነው። ቀሪው ሥራ ጨዋታው ዱሮ እንደነበረው መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ይህን ደግሞ ከጠጋኙ ዓይን ይልቅ የተጫዋቹ ጣት ይለየዋል።

ሳን አንድሪያስ የተባለውን ጨዋታ እንውሰድ። ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንድ ደንበኛዬ ጥቂት ተጫውቶ የጨዋታው ዋና ገጸ ባሕርይ ሲጄይ ውኃ ውስጥ እንደገባ «አቦ፣ ይሄማ እሱ አይደለም! እንዲህ አይዋኝም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ጨዋታው የአንዳንድ እንቅስቃሴዎችን ስሌት በሰከንድ ከሚታየው የምስል (የፍሬም) ብዛት ጋር አያይዞታል። «ፍሬም ሊሚተር» የሚባለው ምርጫ ከጠፋ የዛሬ ግራፊክስ ካርድ ፍሬሙን ያለ ልክ ያበዛዋል፤ ዋናተኛው እጁን እያወናጨፈ ካለበት ፈቀቅ አይልም። ወጣቶቹ ምስሉ ይለስልስልን ብለው ያጠፉታል። እኔ ሁልጊዜ አበራዋለሁ፤ ለምን እንዳበራሁትም ቁጭ አድርጌ አስረዳቸዋለሁ።

የዶስ ዘመን ጨዋታዎች ከዚህም ይብሳሉ። አንዳንዶቹ ጊዜን የሚለኩት በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ስለሆነ፣ በአዲስ ማሽን ላይ ጠላት ገና ሳይታይ ገድሎህ ያልፋል። እዚህ ላይ ጨዋታውን መነካካት አልወድም፤ የሚያውቀውን ማሽን መልሶ መስጠት ይሻላል። ከ2002 ጀምሮ ያለው ነጻው ዶስቦክስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አሮጌውን ፕሮሰሰር ከነሳውንድ ብላስተር ካርዱ በሶፍትዌር አስመስሎ ያቀርብለታል። ፍጥነቱ በ«ሳይክል» ይለካል፤ ኮንትሮልና ኤፍ 11 ይቀንሰዋል፣ ኮንትሮልና ኤፍ 12 ይጨምረዋል። ቁጥሩን እኔ አልወስንም። ደንበኛው ይጫወታል፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ እቀንሳለሁ፣ እጨምራለሁ። «ትንሽ ዝቅ... በቃ፣ በቃ፣ እዚህ ጋ ተወው!» ሲለኝ ቁጥሩን ማስተካከያ ፋይሉ ላይ እጽፈዋለሁ። ከዚህ ሥራ በጣም የምደሰትባት ሰዓት ይህች ናት።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና ሲጭን ነው። በ1990ዎቹ የወጡ በርካታ የዊንዶውስ ጨዋታዎች ራሳቸው 32 ቢት ሆነው ሴታፓቸው 16 ቢት ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት ፕሮግራም አይቀበልም፤ ዊንዶውስ 11 ከነጭራሹ በ64 ቢት ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ይህ ፕሮግራም አይሠራም» የሚለው መልእክት ስለ ጨዋታው ምንም አልነገረንም። አሮጌ ማሽን ላይ ጭኖ ፎልደሩን መገልበጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስገለብጥ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አላስቀምጠውም፤ ከቪስታ ወዲህ ዊንዶውስ እዚያ የሚጻፈውን ወደ ሌላ ስውር ፎልደር ሊያዞረው ስለሚችል፣ ሰውየው ሴቭ ያደረገው የጠፋ ይመስለዋል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ላይ ሣሩና ውኃው ወይን ጠጅ ሲሆን ደግሞ ጥፋቱ የካርዱ አይደለም፤ ጨዋታው ባለ 256 ቀለም ሰሌዳውን ከዴስክቶፑ ጋር እየተሻማ ነው።

የሚከብደኝ የሙዚቃው ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ የነበሩት ኮፒዎች ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነበሩ። ኩዌክን (1996) የመሰሉ ጨዋታዎች ሙዚቃቸው እንደ ዘፈን ሲዲ በራሱ ትራክ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ፎልደሩን ብቻ የገለበጠ ሰው ጨዋታውን ያለ ሙዚቃ ነው የወሰደው። ስለዚህ እዚህ ያደገ ተጫዋች የሚያውቀው ጨዋታ ሠሪዎቹ ከሠሩት ይለያል። ሙዚቃውን መልሼ ሳስገባ «ይሄ ከየት መጣ?» የሚሉኝ አሉ። ያም ሆኖ መመለስ አለበት ባይ ነኝ፤ አንድ ሰው የደከመበት ሥራ ነው። ግን ሰውየው የለመደውን አልነጥቀውም። ዴስክቶፑ ላይ ሁለት አይከን አኖርለታለሁ፤ አንዱ ሙዚቃ ያለው፣ አንዱ እሱ እንደሚያውቀው።

ስልክም ላይ ያው የቢት ጉዳይ መጥቷል። ከኦገስት 2019 ጀምሮ ጉግል ፕሌይ 64 ቢት ይጠይቃል፤ 32 ቢት መተግበሪያ ጨርሶ የማያስኬዱ ስልኮችም ወጥተዋል። አገራችን ውስጥ የተሠሩ የስልክ ጨዋታዎች ከአሁኑ ሊታሰብላቸው ይገባል።

ለሰፈሬ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። ከተዘጉት ጌም ቤቶች የቀረውን ኮምፒውተር ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን ለአንድ ቀን አውሱኝ። ጨዋታዎቹን ብቻ ሳይሆን ፎልደሮቹን እንዳሉ፣ ከነሴቭ ፋይላቸውና ከነማስተካከያቸው እገለብጣለሁ፤ ባለቤቱ ያኔ አስተካክሎት የነበረው ፍጥነትና ቁልፍ የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው።