ሽማግሌ ከመላክ በፊት

በናይሮቢ የሚኖሩ ወጣቶቻችን ለጋብቻ ጥያቄ ማማሪያ ሲሹ ዓይናቸው የሚያርፈው በፊልም ላይ ነው፤ ሻማ፣ ቀለበት፣ በሕዝብ ፊት መንበርከክ። እኛ ግን ቀርቦ የሚመክር መጽሐፍ አለን፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.)።

ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሊያጩ የመጡትን በዘር እየመዘኑ ይመልሳሉ። ጥያቄው ለአባት ቀርቦ መልሱም ከአባት ይወጣል፤ ሰብለ ወንጌልን የጠየቃት የለም። ከመምህሯ ከበዛብህ ጋር ያላት ፍቅር ግን በትምህርት መካከል፣ ቃል ለቃል በመደማመጥ ይወለዳል። የልብ ወለዱ ትልቁ ብርታት ይህ ንጽጽር ነው። ሆኖም የሁለቱ ቃል በመቃብር ያበቃል፤ ደራሲው መውጫውን ለአንባቢ ትቶታል።

በሬስቶራንት ሰው ሁሉ እያጨበጨበ የምትጠየቅ ልጅስ «አይሆንም» ለማለት ምን ነጻነት አላት? አዳራሹ የፊታውራሪን ቤት ተካ እንጂ ድምፅዋ አሁንም አልተሰማም።

ኢስሊ ውስጥ ዘመድ የራቀው ሰው ጎረቤቱንና ወዳጁን ሽማግሌ አድርጎ ይልካል፤ መልካም ነው። አስቀድሞ ግን እርሷን ለብቻዋ፣ በተራ ቃል ይጠይቅ፤ መልሷንም ይጠብቅ። ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር ዘዴ አላየሁም።