አብሮ መምጣት ማምጣት አይደለም

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ጎብዬ ላይ ክረምቱ ወጣ ሲል ብታልፉ እሸቱና ወባው አብረው ይጠብቋችኋል። በአማራ ክልል ገጠሮች «ወባ የሚይዘው እሸት ከመብላትና አገዳ ከመምጠጥ ነው» የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ያለ ነገርም አላሉትም፤ በየዓመቱ ሁለቱን አብረው ያያሉና።

ነገር ግን እሸት መብላት ወባ አያመጣም። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት፤ እርሷም የምትራባው ዝናብ ባቆረው ውሃ ነው። እሸቱን ያደረሰው ያው ዝናብ ነው። ልጇን እሸት ከልክላ አጎበር ያልዘረጋች እናት የከለከለችው ምግብን እንጂ ትንኝን አይደለም።

በገበሬው ግን አንሳቅ። የብዙ የጤና ዘገባዎች ስሕተትም ይኸው ነው። ጥናቱ «አብረው ታዩ» ሲል ዘገባው «ይህ ያንን አመጣ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1981 የሐርቫርዱ ብራያን ማክማሆንና ባልደረቦቻቸው የቆሽት ካንሰር ሕሙማንን በዚያው ሆስፒታሎች ከነበሩ ሌሎች ሕሙማን ጋር ሲያነጻጽሩ የካንሰሩ ሕሙማን ይበልጥ ቡና ጠጪ ሆነው ተገኙ። ወሬው በየጋዜጣው ተሠራጨ፤ ቡና ተከሰሰ። ሆኖም ለማነጻጸሪያ ከቀረቡት ብዙዎቹ የሆድ ሕመምተኞች ነበሩ። ሆዱን የሚያመው ሰው ደግሞ ቡና ይቀንሳል። እነርሱ ጥቂት በመጠጣታቸው ሌሎቹ አብዝተው የጠጡ መሰሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ያው ቡድን ደግሞ ሲያጠና ዝምድናው ሳይጸና ቀረ።

ታዲያ አብሮ የመጣውን ሁሉ እንናቅ ማለት ነውን? አይደለም። ወደ በቆሎው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1998 በጎጃም ቡሬ አካባቢ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በ2005 የታተመ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ስፍራዎች የታየው የወባ መጠን ጥቂት ከሚዘራባቸው 9.5 እጥፍ መሆኑን አመለከተ። ይህ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደ ቡናው ወሬ ባጠራጠረ ነበር። ሆኖም በ2000 የታተመ ሌላ ጥናት አስቀድሞ የትንኝ እጮችን ያበበ በቆሎ አጠገብና ከበቆሎ ራቅ አድርጎ አስተያይቷል። ከበቆሎው አበባ የሚረግፈውን ብናኝ የተመገቡት እጮች በብዛት ለትንኝነት በቁ፤ ትንኞቹም ትልልቅ ሆኑ። ገበሬው ያየው ዝምድና እውነት ነበር፤ የሳተው መንገዱን ነው። በቆሎው ወባን የሚያግዘው በሰው አፍ ገብቶ ሳይሆን በእጩ አፍ ገብቶ ነው።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ! «ይህ ምግብ ይህን በሽታ ያመጣል፣ ይህ ደግሞ ያድናል» የሚል ዜና ቤታችሁ ሲገባ ልጆቻችሁ ባሉበት ጠይቁ። ተመራማሪዎቹ ያሉት «አብረው ታዩ» ነው ወይስ «ያስከትላል»? የተነጻጸሩት እነማን ናቸው? እንደ ዝናቡ ሁለቱንም ያመጣ ሦስተኛ ነገር የለምን? አንዱን ለውጦ ሌላው ሲለወጥ ያየ አለን? መልስ የሌለውን ዜና ሰምቶ የታዘዘ መድኃኒት ማቋረጥ ወይም ልጅን ከገንቢ ምግብ መከልከል ዋጋው ከባድ ነው።

የጎብዬም ልጅ ትኩሳት ሲይዘው በቆሎውን ከመክሰስ ፈጥኖ ጤና ጣቢያ ወስዶ ደሙን ማስመርመር ይሻላል። ለማታው አጎበሩ ይዘርጋ፤ በደጅ ያቆረውም ውሃ ይፍሰስ። እሸቱን ግን ይብላ።